ሲነሳ የሚታይ፣ ሲጠፋ የሚወለድ ብልሽት፦ የአንድ ሰርቨር የራንሌቭል ጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

ጉዳዩ የተከሰተው ሴንትኦኤስ 5 በተባለው የሊኑክስ ስርጭት በሚሠራ አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ሁለት ዋና አገልግሎቶችን ይሸከማል፤ አንደኛው ከምንጭ ኮዱ ተጠናቅሮ የተጫነ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያ ዳታቤዝ ላይ ተደግፎ በቶምካት (የጃቫ አፕሊኬሽኖችን በሚያስኬድ ሰርቨር) የሚሠራ አፕሊኬሽን ነው። ማሽኑ በአዘቦት ቀን ያለ እንከን ይሠራ ነበር። ችግሩ የሚታየው የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ማሻሻያ ወይም የሃርድዌር ጥገና ኖሮ በታቀደ ሰዓት ጠፍቶ ሲነሳ ብቻ ነበር። ከተነሳ በኋላ በኤስኤስኤች ከርቀት መግባት ይቻላል፣ ዳታቤዙም ቆየት ብሎ ይከፈታል፤ ቶምካት ራሱ እየሠራ ሳለ አፕሊኬሽኑ ግን ሳይጫን ይገኛል። ተረኛው ባለሙያ ገብቶ ቶምካትን በእጁ አጥፍቶ ሲያስነሳው አፕሊኬሽኑ ወዲያውኑ ይጫንና ማሽኑ እንደገና እስኪጠፋ ድረስ አንዳች ቅሬታ አያሰማም።

ይህ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ እንደ ብልሽት አልተቆጠረም። በሥራ መመሪያው ላይ «ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ቶምካትን በእጅ አስነሳ» የሚል አንድ መስመር ተጨምሮ ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ፤ ብልሽት አንዴ መመሪያ ውስጥ ከገባ ደግሞ መንስኤውን የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ጥያቄው እንደገና የተነሳው ማሽኑ ተረኛ በሌለበት ሌሊት ጠፍቶ እንዲነሳ በመደረጉ አገልግሎቱ እስከ ጠዋት ድረስ ተቋርጦ ካደረ በኋላ ነው። ጉዳዩን እንድመለከት ስጠየቅ የሰርቨሩ ሎግ፣ የማስነሻ ስክሪፕቶቹ እና ተመሳሳይ ቅንብር ያለው አንድ የሙከራ ማሽን ቀረቡልኝ።

ማሽኑ የሚነሳበት መንገድ

በሴንትኦኤስ 5 ላይ ከርነሉ ሃርድዌሩን አዘጋጅቶ ዋናውን የፋይል ሥርዓት ካገኘ በኋላ የሚያስነሳው የመጀመሪያ ፕሮግራም ኢኒት ነው፤ የፕሮሰስ ቁጥሩም 1 ነው። ኢኒት ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያነበው በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ካለው ኢኒትታብ ከተባለ ፋይል ነው። የዚህ ፋይል እያንዳንዱ መስመር በሁለት ነጥብ የተለያዩ አራት ክፍሎች አሉት፤ እነሱም መለያ ስም፣ መስመሩ የሚመለከታቸው ራንሌቭሎች፣ ኢኒት የሚወስደው የእርምጃ ዓይነት፣ በመጨረሻም የሚሠራው ትእዛዝ ናቸው። ከመስመሮቹ አንዱ «ኢኒትዲፎልት» የሚል የእርምጃ ዓይነት ያለው ሲሆን፣ ማሽኑ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በስተቀር የሚነሳበትን ራንሌቭል፣ ማለትም ነባሪውን፣ የሚወስነው እሱ ነው። በጥናቱ ሰርቨር ላይ ይህ ቁጥር 3 ነበር።

ራንሌቭል (ወይም በአጭሩ ደረጃ) ማለት ሲስተሙ ሊገኝባቸው ከሚችሉ ሁኔታዎች አንዱ ነው፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ የትኞቹ አገልግሎቶች መቆም እንዳለባቸውና የትኞቹ መሥራት እንዳለባቸው አስቀድሞ ተወስኖ ይቀመጣል። አሠራሩ በሰፊው የታወቀው ኤቲኤንድቲ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ሲስተም ፋይቭ በተባለው የዩኒክስ ስሪት ሲሆን፣ ወደ ሊኑክስ የመጣው ሚኬል ቫን ስሞረንበርግ በጻፈው ሲስቪኢኒት አማካይነት ነው። በቢኤስዲ ወገን ያሉት ሲስተሞች ግን በነጠላ ተጠቃሚና በብዙ ተጠቃሚ ሁኔታ ብቻ ተወስነው ቁጥሮቹን አልተቀበሏቸውም።

ሴንትኦኤስ በሚገኝበት በሬድ ሃት ቤተሰብ ውስጥ ደረጃ 0 ማሽኑን ማጥፊያ፣ 1 ለጥገና የሚውል የነጠላ ተጠቃሚ ሁኔታ፣ 2 ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ ፋይል መጋሪያ) የሌለበት የብዙ ተጠቃሚ ሁኔታ፣ 3 ሙሉው የብዙ ተጠቃሚ ሁኔታ፣ 5 ከዚሁ ጋር ግራፊክስ የሚጨመርበት፣ 6 ደግሞ አጥፍቶ ማስነሻ ነው፤ 4 ለማንም ያልተመደበ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ድልድል የሁሉም አይደለም። በዚያ ዘመን ደቢያን ከ2 እስከ 5 ያሉትን አንድ ዓይነት አድርጎ በ2 ይነሳ ነበር፣ ስላክዌር ግራፊክሱን በ4 ላይ ያስቀምጣል፣ በሶላሪስ ላይ ደግሞ 5 ማለት ኃይሉን ማጥፋት በመሆኑ ግራፊክስ እየጠበቀ «ኢኒት 5» ብሎ የሚጽፍ ሰው ማሽኑ በፊቱ ይጠፋበታል። ነባሪው ደረጃ 0 ወይም 6 እንዳይደረግ በኢኒትታብ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያም ቀልድ አይደለም፤ 6 ያደረገው ሰው ለመነሳት እየሞከረ ደጋግሞ ራሱን የሚያጠፋ ማሽን ይተርፈዋል፤ መውጫውም ከርነሉን በሚጭነው በግራብ የማስነሻ መስመር ላይ ሌላ የደረጃ ቁጥር ጽፎ ነባሪውን ለአንድ ጊዜ መሻር ነው።

ኢኒት ወደ ደረጃው ከመግባቱ በፊት አርሲ ሲስኢኒት የተባለውን ስክሪፕት ያስኬዳል። ይህ ስክሪፕት የፋይል ሥርዓቶችን ይፈትሻል፣ ይጭናል፣ ካለፈው ሥራ የተረፉ ሎክ ፋይሎችንም ያጸዳል። ከዚያ በኋላ ኢኒት አርሲ የተባለውን ስክሪፕት የደረጃውን ቁጥር ሰጥቶ ይጠራዋል፤ የእርምጃው ዓይነት «ዌይት» በመሆኑ አርሲ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ኢኒት ወደሚቀጥለው መስመር አይሻገርም። በኮንሶሉ ላይ የመግቢያ ጥያቄ የሚያወጡት መስመሮች ከዚህ በኋላ ስለሆኑ፣ በአርሲ ውስጥ አንድ አገልግሎት ቢዘገይ በኤስኤስኤች መግባት ተችሎ ሳለ ኮንሶሉ ገና ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ለእያንዳንዱ ደረጃ አርሲ0.ዲ፣ አርሲ1.ዲ እየተባለ እስከ አርሲ6.ዲ ድረስ አንዳንድ ማውጫ አለው። በማውጫዎቹ ውስጥ ያሉት ራሳቸው ስክሪፕቶቹ ሳይሆኑ በኢኒት.ዲ ውስጥ ወዳሉት ስክሪፕቶች የሚጠቁሙ ሊንኮች ናቸው። የሊንኩ ስም በኤስ ወይም በኬ ፊደል ይጀምራል፣ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ይከተላል፣ ከዚያ የአገልግሎቱ ስም ይመጣል። አርሲ ወደ አንድ ደረጃ ሲገባ መጀመሪያ የኬ ሊንኮቹን በስማቸው ቅደም ተከተል «ስቶፕ» እያለ ይጠራል፣ ቀጥሎ የኤስ ሊንኮቹን «ስታርት» እያለ ይጠራል፤ ሁሉንም አንድ በአንድ፣ የቀደመው እስኪመለስ እየጠበቀ። አብዛኛው የሥራ ባልደረባዬ ስለ ራንሌቭል ሲያወራ የሚያወራው ስለ ኤስ ሊንኮች ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ምሥጢሩ ያለው በኬዎቹ በኩል ነበር።

በመጀመሪያ የተጠረጠሩት

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ማሽኑ ባልታሰበ ደረጃ ላይ ይነሳ ይሆናል የሚል ነበር። ጥርጣሬው መሠረት አልባ አይደለም፤ አንድ አገልግሎት ለደረጃ 5 ብቻ በርቶ ሳለ ሌላ ሰው ነባሪውን ወደ 3 ቢለውጠው አገልግሎቱ በእጅ ሲነሳ እየሠራ በራሱ ግን አይነሳም። «ራንሌቭል» የሚለው ትእዛዝ ሲጠየቅ «ኤን 3» ብሎ መለሰ፤ ይህም ከዚህ በፊት የነበረበት ደረጃ የለም፣ አሁን ያለው ደረጃ 3 ነው ማለት ነው። ቀጥሎ አገልግሎቶችን በየደረጃው በሚያበራና በሚያጠፋው በችክኮንፊግ ትእዛዝ የሁለቱ አገልግሎቶች ዝርዝር ሲታይ ሁለቱም በ3፣ በ4 እና በ5 ላይ በርተዋል፣ በቀሩት ላይ ጠፍተዋል። ይህ መንገድ እዚህ ላይ ተዘጋ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ቅደም ተከተል ነበር። ችክኮንፊግ ሊንኮቹን የሚሠራው በስክሪፕቱ ራስጌ ላይ ከሰፈረ አስተያየት ተነስቶ ነው፤ የዳታቤዙ ስክሪፕት ራስጌ «345 64 36» ሲል የአፕሊኬሽኑ «345 85 15» ይላል። የመጀመሪያው ክፍል አገልግሎቱ የሚበራባቸውን ደረጃዎች፣ ሁለተኛው የማስነሻ ተራውን፣ ሦስተኛው የማጥፊያ ተራውን ያሳያል። በልማድ ሁለቱ ቁጥሮች ተደምረው 100 እንዲሞሉ ይደረጋል፤ ቀድሞ የተነሳ ኋላ እንዲጠፋ ነው። ስለዚህ ዳታቤዙ ኤስ64 ሆኖ ከኤስ85 በፊት ይነሳል፣ አፕሊኬሽኑ ኬ15 ሆኖ ከኬ36 በፊት ይጠፋል። ቅደም ተከተሉ እንከን የለበትም።

ሦስተኛው የማሽኑ «ዝግታ» ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች የተቀበሉትም ይህንን ነው። በአፕሊኬሽኑ ስክሪፕት ውስጥ ዳታቤዙ እስኪከፈት ለመታገስ ተብሎ የእንቅልፍ ትእዛዝ ተጨምሮ ነበር። መጀመሪያ ላይ ረድቷል፤ ዳታቤዙ ሲያድግ ግን በቂ አልሆነም፤ ሲጨመርበት ደግሞ ከኤስ85 በኋላ ያሉት ሁሉ፣ በሰዓት የታዘዙ ሥራዎችን የሚያስኬደው የክሮን አገልግሎትም ሆነ የኮንሶሉ መግቢያ፣ አብረው እንዲዘገዩ አደረገ። በግልጽ ለመናገር፣ በማስነሻ ስክሪፕት ውስጥ የተደበቀ የእንቅልፍ ትእዛዝ ያልተጠየቀ ጥያቄ እዚያ እንዳለ ምልክት ነው። እዚህ ያልተጠየቀው ጥያቄ፣ ዳታቤዙ ለመነሳት ይህን ያህል ጊዜ የሚወስደው ለምንድን ነው የሚለው ነው።

ሎጉ የተናገረው

የፖስትግሬስን ሎግ ወደ ኋላ ስንመለከት በእያንዳንዱ የታቀደ ማጥፋት ማግስት አንድ ዓይነት መልእክት ተመዝግቧል፤ ዳታቤዙ በአግባቡ እንዳልተዘጋና ራሱን ማደስ እንደጀመረ የሚናገር። ዳታቤዙ በዚህ የእድሳት ጊዜ ፕሮሰሱ እየሠራ ይታያል፣ ለሚመጣው ግንኙነት ሁሉ ግን ገና በመነሳት ላይ ነኝ እያለ እምቢ ይላል። አፕሊኬሽኑ ሲጫን የመጀመሪያ ሥራው ከዳታቤዙ ጋር ግንኙነት መክፈት ስለሆነ፣ እምቢታው ሲገጥመው ስህተት መዝግቦ መጫኑን ይተወዋል። ቶምካት ግን አይሞትም፤ «ስታተስ» ተብሎ ሲጠየቅ እየሠራሁ ነው ይላል። ለዚህም ነው ሁኔታውን የሚከታተለው መሣሪያ ዝም ያለው።

እድሳቱ ምን እንደሆነ መረዳት ለጉዳዩ ወሳኝ ነው። ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ ወደ ዋናው የዳታ ፋይል ከማስገባቱ በፊት በቅድመ ጽሑፍ ሎግ ላይ ይመዘግበዋል፤ አልፎ አልፎ በሚደረግ ቼክፖይንት ደግሞ በማህደረ ትውስታ የተጠራቀሙትን ገጾች ወደ ዲስክ ያወርዳል። በሥርዓት ሲዘጋ የመጨረሻ ቼክፖይንት ሠርቶ ስለሚሄድ በሚነሳበት ጊዜ የሚጠብቀው ሥራ የለም። ሳይዘጋ ከተገደለ ግን ከመጨረሻው ቼክፖይንት ወዲህ የተመዘገበውን ሁሉ እንደገና ማንበብና መተግበር አለበት። በዚህ ሰርቨር ላይ የዕለት ተዕለቱን የጽሑፍ ጫና ለማቅለል ሲባል ቼክፖይንቶቹ እንዲራራቁ ተደርጎ ነበር፤ ይህ በራሱ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ ነገር ግን እድሳቱን ወደ ብዙ ደቂቃዎች አስረዝሞታል። መረጃ አለመጥፋቱ የፖስትግሬስ ንድፍ በጎነት ነው። በማይአይሳም (በማይኤስኪውኤል የቆየ የሠንጠረዥ ዓይነት) የሚሠራ ዳታቤዝ ቢሆን ኖሮ በተመሳሳይ ሁኔታ የተበላሹ ሠንጠረዦችን መጠገን ያስፈልግ ነበር፤ ችግሩም ያኔ በጊዜ በታወቀ ነበር።

በመሆኑም ሲነሳ የታየው መዘግየት ምንጩ ሲጠፋ ነው። ጥያቄው ተለወጠ፤ ኬ36 ሊንኩ በደረጃ 6 ማውጫ ውስጥ በቦታው እያለ፣ ስክሪፕቱም በእጅ «ስቶፕ» ሲባል ዳታቤዙን በሥርዓት እየዘጋ፣ ማሽኑ ሲጠፋ ዳታቤዙ ለምን ተገድሎ ይገኛል?

በሙከራ ማሽኑ ላይ

ማሽንን ደጋግሞ እያጠፉ ስለ ማጥፋት መመርመር አድካሚ ነው፤ መልእክቶቹ በፍጥነት ያልፋሉ፣ የሎግ አገልግሎቱም ራሱ በመንገድ ላይ ይጠፋል። የተሻለው መንገድ ማሽኑ ሳይጠፋ ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው እንዲሸጋገር ማድረግ ነው። ሁለቱ አገልግሎቶች በደረጃ 2 ላይ ስላልበሩ ችክኮንፊግ በአርሲ2.ዲ ውስጥ የኬ ሊንኮች አኑሮላቸዋል። ስለዚህ ከ3 ወደ 2 በቴልኢኒት ትእዛዝ ሲወረድ ሁለቱም መቆም አለባቸው፣ የቀረው ማሽን ግን በሕይወት ይቆያል።

ትእዛዙ ሲሰጥ ቶምካት ቆመ። ፖስትግሬስ ግን ምንም እንዳልተባለ ሥራውን ቀጠለ፤ በስክሪኑም ላይ እሱን ስለማቆም የሚናገር መስመር አልወጣም። ስክሪፕቱ ተጠርቶ አልተሳካም ማለት ሳይሆን ጨርሶ አልተጠራም ማለት ነው። በዚህ ሙከራ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ኢኒት ራሱ ደረጃ ሲቀየር የሚያስቆማቸው ከኢኒትታብ በቀጥታ ያስነሳቸውንና በአዲሱ ደረጃ የማይፈለጉትን ፕሮሰሶች ብቻ ነው። በአርሲ በኩል የተነሳ አገልግሎት በአርሲ በኩል ካልቆመ የሚነካው የለም።

ቀጥሎ የተደረገው የአርሲን ስክሪፕት ከፍቶ ማንበብ ነበር። ስክሪፕቱ አጭር ነው፣ በሼል የተጻፈ ነው፣ የሚነበበውም በጥቂት ደቂቃዎች ነው። የኬ ሊንኮቹን የሚያዞረው ክፍል እያንዳንዱን ሊንክ ከመጥራቱ በፊት ከስሙ ላይ ኬውንና ሁለቱን አሃዞች ገፍፎ የቀረውን ስም ይይዛል፤ ከዚያም በቫር ሥር፣ በሎክ ማውጫ ውስጥ ባለው ሰብሲስ በሚባል ንዑስ ማውጫ በዚያ ስም የተሰየመ ፋይል መኖሩን ይጠይቃል። ፋይሉ ከሌለ አገልግሎቱ ቀድሞውንም አልተነሳም ብሎ ይደመድምና ያለ አንዳች መልእክት ወደሚቀጥለው ሊንክ ያልፋል። የኤስ ሊንኮቹ ክፍል ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቃል፤ ፋይሉ ካለ አገልግሎቱ ተነስቷል ብሎ ይዘለዋል። ከ3 ወደ 5 ሲኬድ በሁለቱም ደረጃ የሚፈለጉ አገልግሎቶች ሳይረበሹ የሚቀጥሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ያንን ሎክ ፋይል የሚፈጥረው አርሲ አይደለም፤ እያንዳንዱ ስክሪፕት በራሱ «ስታርት» ክፍል ሊፈጥረው፣ በ«ስቶፕ» ክፍሉም ሊሰርዘው ይገባል። ከስርጭቱ ጋር የመጡት ስክሪፕቶች ሁሉ ይህን ያደርጋሉ፤ የቶምካቱም እንዲሁ። ፖስትግሬስ ግን ከምንጭ ኮዱ የተጫነ በመሆኑ ስክሪፕቱ በቤት ውስጥ የተጻፈ ነበር። አጭርና ንጹሕ ነው፣ ያስነሳል፣ ያቆማል፣ ሁኔታን ይናገራል። ሎክ ፋይል የሚፈጥረው አንድ መስመር ብቻ ይጎድለዋል። መስመሩ ባለመኖሩ ምክንያት አገልግሎቱ ሲነሳ የሚከሰት ስህተት የለም፣ በእጅ ሲቆምም የለም፤ የሚከሰተው አርሲ ሊያስቆመው በሚመጣበት ጊዜ ብቻ ነው፣ ያኔም በዝምታ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግልጽ ነው። በደረጃ 6 የኬ ሊንኮቹ ሲያልቁ የሚመጣው ኤስ00 የሆነው ኪልኦል የተባለ ስክሪፕት በሰብሲስ ውስጥ የቀሩትን ፋይሎች እየተመለከተ ያልቆሙ አገልግሎቶችን ለማስቆም የመጨረሻ ሙከራ ያደርጋል፤ ፋይል የሌለውን ፖስትግሬስ ግን እሱም አያየውም። ቀጥሎ ኤስ01 በሕይወት ላሉት ፕሮሰሶች ሁሉ ዝጉ የሚል ተርም ሲግናል ይልካል፣ ጥቂት ሴኮንዶች ይጠብቃል፣ ከዚያም ኪል ሲግናል ይልካል። ፖስትግሬስ ተርም ሲደርሰው መዘጋት ይጀምራል፤ የተጠራቀሙትን ገጾች ወደ ዲስክ አውርዶ የመጨረሻውን ቼክፖይንት ለመሥራት ግን እነዚያ ጥቂት ሴኮንዶች አይበቁትም። ኪል ሲግናል ደግሞ የሚለመን አይደለም። ዳታው ትንሽ በነበረበት ዘመን ጊዜው ይበቃ ስለነበር ብልሽቱ አልታየም፤ ችግሩ ከስክሪፕቱ ጋር አብሮ ተወልዶ ከዳታው ጋር አብሮ ያደገ ነው።

የተደረገው እርማት

በ«ስታርት» ክፍል፣ ዳታቤዙ በትክክል ከተነሳ በኋላ፣ ሎክ ፋይሉን የሚፈጥር መስመር ገባ። ስሙ አርሲ ከሊንኩ ላይ ገፍፎ ከሚያገኘው ስም ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ ስክሪፕቱ «ፖስትግሬስኪውኤል» ተብሎ ፋይሉ «ፖስትግሬስ» ቢባል ውጤቱ ፋይሉ ከሌለበት ጊዜ አይለይም። በ«ስቶፕ» ክፍል ፋይሉን የሚሰርዘው መስመር የተቀመጠው መዝጋቱ ሲሳካ ብቻ እንዲሠራ ሆኖ ነው፤ ካልተሳካ ፋይሉ በቦታው ይቆይና ኤስ00 ላይ ያለው ኪልኦል ሁለተኛ ዕድል ይሰጠዋል።

ሁለተኛው እርማት የመዝጊያው ዓይነት ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት የፖስትግሬስ ስሪቶች ዳታቤዙን በሚያስነሳውና በሚዘጋው በፒጂሲቲኤል ትእዛዝ ሲዘጉ ሌላ ካልተባሉ ደንበኞች ሁሉ በራሳቸው እስኪወጡ ይጠብቁ ነበር፤ ፈጣኑ አዘጋግ ነባሪ የሆነው በ9.5 ስሪት ነው። ከርቀት የተከፈተ አንድ የሪፖርት ግንኙነት ብቻውን ማጥፋቱን ሊያግተው ስለሚችል፣ ክፍት ግንኙነቶችን አቋርጦ በሥርዓት የሚዘጋው ፈጣን አዘጋግ በግልጽ ተጻፈ። ፒጂሲቲኤል በነባሪ የሚታገሰው 60 ሴኮንድ በመሆኑ የመጠበቂያ ጊዜውም እንዲረዝም ተደረገ። አርሲ እያንዳንዱን ስክሪፕት ጠብቆ ስለሚያልፍ፣ ኢኒትም አርሲን ጠብቆ ስለሚያልፍ፣ የኬ36 ስክሪፕት ብዙ ደቂቃ ቢወስድ ማጥፋቱ ይዘገያል እንጂ የሚገድለው ሰው አይመጣበትም። ብዙዎች የኪል ሲግናሉ ቆጠራ ከማጥፊያው ትእዛዝ ጀምሮ የሚሄድ ይመስላቸዋል፤ የሚጀምረው ግን ኬዎቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው።

በማስነሻውም በኩል ዳታቤዙ ግንኙነት መቀበል እስኪጀምር ድረስ ስክሪፕቱ እንዳይመለስ ተደረገ፤ ኃይል በድንገት ተቋርጦ እድሳት በእውነት ቢያስፈልግ እንኳ ኤስ85 ከመጠራቱ በፊት ኤስ64 ይጨርሳል። ይህ ሲሆን በአፕሊኬሽኑ ስክሪፕት ውስጥ የነበረው የእንቅልፍ ትእዛዝ ወጣ።

እርማቱን ወደ ዋናው ሰርቨር ሲያሻግሩ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ዳታቤዙ በአሮጌው ስክሪፕት ተነስቶ በመሥራት ላይ ስለሆነ ሎክ ፋይል የለውም፤ አዲሱን ስክሪፕት አስቀምጦ ማሽኑን ወዲያው ማጥፋት ያንኑ ግድያ አንድ ጊዜ ደግሞ ማየት ነው። ስለዚህ ፋይሉ በእጅ ተፈጠረ፣ ማሽኑም ከዚያ በኋላ ጠፍቶ ተነሳ። በሎጉ ላይ የሰፈረው የመዝጊያ መልእክት የተሟላ ነበር፣ ዳታቤዙ በሴኮንዶች ውስጥ ተከፈተ፣ አፕሊኬሽኑም ማንም ሳይነካው ተጫነ። በመመሪያው ላይ የነበረው መስመር ተሰረዘ።

ሎክ ፋይሉ ምን እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የአገልግሎቱን ሕይወት አይከታተልም፤ የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው። ዳታቤዙ በራሱ ምክንያት ቢሞት ፋይሉ በቦታው ይቆያል፤ «ስታተስ» ሲጠየቅ የሚወጣው፣ አገልግሎቱ ሞቷል ነገር ግን ሰብሲሱ እንደተቆለፈ ነው የሚለው የታወቀ መልእክት የሚመጣውም ከዚህ ነው። በዚያ ሁኔታ ከ3 ወደ 5 መሸጋገር አገልግሎቱን አያስነሳውም፤ አርሲ ፋይሉን አይቶ ተነስቷል ብሎ ያልፈዋልና። በእኔ እምነት ይህ የአሠራሩ ደካማ ጎን ነው፤ ውሳኔው የሚሰጠው በፕሮሰሱ መኖር አለመኖር ሳይሆን ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ባስታወሰው ወይም በረሳው ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው።

በሌሎች ሲስተሞች

ይኸው ስክሪፕት በዚያ ዘመን በነበረ ደቢያን ላይ ቢቀመጥ ጉዳዩ አይፈጠርም ነበር። የደቢያኑ አርሲ ሎክ ፋይል አይመለከትም፤ የሚያነጻጽረው የቀደመውን ደረጃ ሊንኮች ከአዲሱ ደረጃ ሊንኮች ጋር ነው። በቀደመው ደረጃ ኤስ የነበረውና በአዲሱ ኬ የሆነው ይቆማል፣ በሁለቱም ኤስ የሆነው ሳይነካ ይታለፋል። የሊንክ ስሞቹ፣ ማውጫዎቹና ቁጥሮቹ በሁለቱ ስርጭቶች እጅግ ስለሚመሳሰሉ ልዩነቱ የሚታየው አርሲን ለሚያነብ ሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 6 ኢኒትን በአፕስታርት ተክቶ ከኢኒትታብ የነባሪውን ደረጃ መስመር ብቻ አስቀርቷል፤ የሎክ ፋይሉ ጥያቄ ግን በአርሲ ውስጥ እንደነበረ ቀጥሏል።

ሁኔታው የተለወጠው በ2014 በወጣው 7ኛ ስሪት፣ በኢኒት ቦታ ሲስተምዲ ሲመጣ ነው። ራንሌቭሎቹ በታርጌቶች ተተኩ፤ 2፣ 3 እና 4 ወደ መልቲ ዩዘር፣ 5 ወደ ግራፊካል ታርጌት ተወሰዱ። አገልግሎቶች የሚታወቁት በሎክ ፋይል ሳይሆን ከርነሉ በሲግሩፕ በሚይዘው የፕሮሰሶች ስብስብ በመሆኑ፣ ተነስቶ የተረሳ አገልግሎት አይኖርም። ማን ከማን በኋላ እንደሚነሳ አገልግሎቱን በሚገልጸው ዩኒት ፋይል ላይ ከተጻፈ ማጥፋቱ በዚያው ግልባጭ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ ሁለት ቁጥር ደምሮ 100 መሙላት ቀርቷል።

ሴንትኦኤስ 5 ድጋፉ በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ ሰርቨሩ ወደ 7 ተሸጋገረ። በዚህ ጊዜ ዋናው ትኩረት ሌላ ነገር ላይ ነበር፤ ሲስተምዲ በነባሪው ለአንድ አገልግሎት መዝጊያ የሚሰጠው 90 ሴኮንድ ነው፣ ጊዜው ካለቀ ኪል ሲግናል ይልካል። የአርሲው ዘመን ገደብ አልባ ትዕግሥት እዚህ የለም። ትልቅ ማህደረ ትውስታ የሚጠቀም ዳታቤዝ ሥራ በበዛበት ሰዓት ሲዘጋ ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ ለፖስትግሬስ በተጻፈው ዩኒት ፋይል ላይ የጊዜ ገደቡ እንዲነሳ ተደረገ፣ የቶምካቱ ዩኒትም ከእሱ በኋላ እንዲነሳ ታዘዘ። ሎክ ፋይሉን የምትፈጥረው መስመር ከአሮጌው ስክሪፕት ጋር ወጣች፤ በአዲሱ ሲስተም ላይ የሚያነባት የለም።